ፊደላችን የማይናገረው፣ የልጆች ግጥም የሚናገረው

የ2ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የእህቴ ልጅ ባለፈው ክረምት አንድ የልጆች ግጥም መጽሐፍ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ጣቷን ከመስመሩ ሥር አድርጋ «ትምህርት» የሚለውን ቃል አምስት ቦታ ሰባበረችው፤ ት፣ ም፣ ህ፣ ር፣ ት። አንድም ፊደል አልሳተችም፤ ቃሉ ግን አልመጣላትም። ጥቂት ገጾች ገልጣ የአበባዬ ሆይን ግጥም አገኘች። እዚያ ላይ ጣቷና አፏ እኩል መሄድ ጀመሩ። ሁለት መስመር ከዘለቀች በኋላ ቆም አለችና «ለካ እንዲህ ነው የሚጻፈው!» አለችኝ።

በቃሏ ነው የወጣችው፣ አላነበበችም የሚል ይኖራል። እኔ ግን ጣቷን አይቻለሁ። አፏ የሚያውቀውን ዓይኗ እየተከተለ፣ የትኛው ፊደል ድምፅ እንደሚያወጣና የትኛው ተውጦ እንደሚያልፍ ሲማር ነበር። የዚህ መጣጥፍ ክርክርም ከዚህ ይነሣል። ለአማርኛ ጀማሪ አንባቢ ግጥም ጌጥ ወይም የምክር መጠቅለያ አይደለም፤ ፊደላችን በጽሑፍ የማያሳየውን ነገር ለልጅ ጆሮና አፍ የሚያስረዳ የንባብ መሣሪያ ነው።

ፊደላችን የማያሳየው ምንድን ነው? 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ድምፃቸው የቆጠረ ልጅ 231 ምልክቶችን ያውቃል፤ ለሰባት ዓመት ሕፃን ቀላል ሥራ አይደለም። ይህን ሁሉ ካወቀ በኋላ ግን ሁለት ነገሮች ይቀሩታል። አንደኛው ሳድስ ነው። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ አናባቢ ይዞ ይነበባል፣ አንዳንዴ ያለ አናባቢ ይዋጣል፤ ምልክቱ ግን ያው አንድ ነው። «ልብስ» ሦስት ፊደል ሆኖ በአንድ ትንፋሽ ይባላል፤ «ትምህርት» አምስት ፊደል ሆኖ ሁለት ቀለም፣ ማለትም ሁለት የድምፅ ክፍል፣ ብቻ ነው። ሁለተኛው መጥበቅና መላላት ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን ይናገራል፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ይሆናል። «ዋና» ሲላላ በውኃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ የነገሩ ራስ ነው። «ሰፊ» ላልቶ ልብስ ይሰፋል፣ ጠብቆ ሜዳ ይሆናል። ትልቅ ሰው ይህን ከዐረፍተ ነገሩ ስሜት ያገኘዋል። ቃል በቃል እየተንገዳገደ የሚሄድ ልጅ ግን ስሜቱ ላይ ከመድረሱ በፊት ትንፋሹ ያልቃል።

ለዚህ ጽሑፍ ስል የገጠምኳትን አንዲት ቀላል ስንኝ ልዋስ፦

ዝናብ መጣ ገሰገሰ፣
እረኛው ቤት ተመለሰ።

የመጀመሪያው መስመር ዘጠኝ ፊደል፣ ሁለተኛው ዐሥር ፊደል ነው። ወደ ቀለም ስንመጣ ግን ሁለቱም ስምንት ስምንት ናቸው፤ አራት ብለው ትንሽ ያርፋሉ፣ አራት ብለው ይጨርሳሉ። «ዝናብ» ውስጥ ዝ ትናገራለች፣ ብ ትዋጣለች። «እረኛው ቤት» ላይ ው እና ት ይዋጣሉ። ልጁ ይህን በሕግ አያውቀውም፤ ምቱን አንድ ጊዜ በእጁ እያጨበጨበ ከያዘው ግን «እረኛው»ን በአራት ፊደል ሊሰባብረው ቢሞክር ምቱ አይቀበለውም። «ገሰገሰ» እና «ተመለሰ» የሚጠብቁበትም ቦታ እንዲሁ ነው፤ አፉ ለምዶታል፣ ዓይኑ ይከተላል። እንግዲህ ምቱ ራሱ አራሚ መምህር ሆነ ማለት ነው።

የጥንቱ የቄስ ትምህርት ቤት ይህን በደንብ ያውቅ ነበር። ተማሪው ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳ ዘልቆ የዮሐንስን መልእክት ሲጀምር ንባቡን በደረጃ ነበር የሚቀበለው፤ መጀመሪያ ግእዝ ንባብ፣ ቀጥሎ ውርድ፣ ከዚያ ቁም ንባብ። የኔታ ተነሽ፣ ተጣይ፣ ወዳቂና ሰያፍ እያሉ የድምፁን መነሣትና መውደቅ ያርሙ ነበር። ጽሑፉ ዝም ያለውን ዜማው ይናገር ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ፊደሉን ወስዶ ዜማውን ደጅ ተወው። በእኔ እይታ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በበርካታ ክልሎች በተካሄደው የጀማሪ ንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመጽሐፍ እጥረት፣ የክፍል መጣበብ፣ የመምህር ሥልጠና፣ የቤት ኑሮ። ግጥም ይህን ሁሉ ይፈታል አልልም። ልጁ ከቤቱ ይዞት የሚመጣውን ሀብት ግን ከክፍል ውጭ አስቀምጠነዋል።

ሀብቱም ብዙ ነው። ሕፃን ገና አፉን ሳይፈታ በእሹሩሩ ምት ጀርባ ላይ ይወዛወዛል። ለቡሄ፣ ነሐሴ 13፣ ወንዶቹ ልጆች በዱላቸው መሬት እየመቱ በየደጁ ይዞራሉ፤ አንዱ ያወርዳል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ሙልሙላቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ለእንቁጣጣሽ ሴቶቹ በተራቸው አደይና ለምለም ሣር ይዘው ይመጣሉ። አውራጇ ልጅ የቤቱን ጌታና እመቤት ስም በግጥሙ ውስጥ ማስገባት አለባት፤ ስሙ አጭር ይሁን ረጅም ምቱ ሳይሰበር ልትከተው ይገባል። ይህን የሚያደርግ ልጅ ቀለም መቁጠር ማንም ሳያስተምረው ችሏል። ሊቃውንቱም አላፈሩበትም፤ አራት በአራት የሚመታውን የአማርኛ ግጥም ቤት «ቡሄ በሉ» ብለው የጠሩት ከልጆቹ ጨዋታ ወስደው ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን እንካ ስላንትያ ነው። አንዱ ልጅ «እንካ ስላንትያ» ይላል፣ ሌላው «በምንትያ» ይላል። የመጀመሪያው በዙሪያው ካለው ነገር አንዱን ይጠራል፤ ድስት ይሁን፣ ወንበር ይሁን፣ የጎረቤት ድመት ይሁን። ሁለተኛው «ምን አለህ» ብሎ ይጠይቃል፤ ያኔ በተጠራው ነገር ቤት የሚመታ ስንኝ እዚያው መወርወር ግድ ነው። ግጥሙ ብዙ ጊዜ ስድብ ነው፣ ጓደኛን ማብሸቅ ነው፤ ትርጉሙም ዐልፎ ዐልፎ ይጠፋል። ቤት ያልመታ ግን ተሸነፈ። የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ወረቀትና እርሳስ ሳይዝ፣ በሰኮንዶች ውስጥ፣ የቃልን መጨረሻ ድምፅ ነጥሎ ሌላ ቃል ይፈልግለታል። ስለ ንባብ የሚያጠኑ ሰዎች በልዩ ፈተና የሚለኩት ችሎታ ይኸው ነው።

ሊኔት ብራድሊና ፒተር ብራያንት በ1983 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት በእንግሊዝ አገር ከ400 በላይ ሕፃናትን ተከታትሎ፣ ማንበብ ሳይጀምሩ ቤት የሚመቱ ድምፆችን የሚለዩት በኋላ በንባብና በቃላት አጻጻፍ የተሻሉ መሆናቸውን አሳየ። ይህን እንዳለ ወደ አማርኛ ማምጣት አይገባም፤ የእነሱ ፊደል አናባቢና ተነባቢን ለየብቻ ይጽፋል፣ የእኛ አንድ ላይ ይይዛል። ነገር ግን ልዩነቱ ለእኛ ያደላል። በእንግሊዝኛ ቤት የሚመቱ ቃላት በዓይን ሲታዩ ብዙ ጊዜ አይመሳሰሉም። በአማርኛ ግን ቤት የሚመታው ፊደል አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም መስመር ጫፍ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ይቆማል፤ «ገሰገሰ» በሰ፣ «ተመለሰ» በሰ። ልጁ በጆሮው የሰማውን ወዲያው በጣቱ ይነካዋል።

ወደ ታተሙት መጻሕፍት ስመጣ ልቤ ይከፈላል። ለቀደምቶቹ ውለታ አለብን። ከበደ ሚካኤል በ«ታሪክና ምሳሌ» እንስሳትን በግጥም አናገሩ፤ አንድ ትውልድ በሙሉ በትምህርት ቤት በቃሉ ወጣው፣ ዛሬም ሽበት ያላቸው ሰዎች ሲወርዱት ይሰማል። መንገዱ ከኤዞፕ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ላ ፎንቴንም በ1668 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ተረቶቹን ያበረከተው ለስድስት ዓመቱ የፈረንሳይ አልጋ ወራሽ ነበር። የእነዚህ ሰዎች ምክር የሚጣፍጠው መጀመሪያ ታሪኩ ስለሚጣፍጥ ነው። ከእነሱ በኋላ የመጡ ብዙ የልጆች ግጥሞች ግን ታሪኩን ጥለው ምክሩን ብቻ ያዙ፤ ታዘዝ፣ ታጠብ፣ አጥና፣ አክብር። ምታቸውም በአብዛኛው ስድስት በስድስት የሚሄደው የወል ቤት ነው፤ ለትልቅ ሰው ፉከራና ቁዘማ የተመቸ፣ ለሰባት ዓመት ልጅ ሳንባ የሚረዝም መስመር። ቡሄ በሉን እየጨፈረ ያደገ ልጅ በራሱ ምት የተጻፈ መጽሐፍ ይገባዋል።

የወጣቶቹ ነገር ከዚህ የባሰ ነው። በሕፃንነት በነገሠው ምት ልጁ 12 እና 13 ዓመት ላይ ያፍርበታል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠብቀው የትልልቆቹ ግጥም ነው። መካከሉ ባዶ ነው። በሌላው ዓለም ይህን ባዶ ቦታ በግጥም የተጻፉ ልቦለዶች እየሞሉት ነው፤ የክዋሜ አሌክሳንደር የቅርጫት ኳስ ታሪክ በ2015 እ.ኤ.አ. ለልጆች መጻሕፍት የሚሰጠውን የኒውበሪን ሜዳይ አገኘ፣ የኤሊዛቤት አሴቬዶ ልቦለድ ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት ወሰደ። በዋሽንግተን አካባቢ የሚያድጉ የእኛ ልጆች እነዚህን መጻሕፍት በትምህርት ቤታቸው ሊያገኙ ይችላሉ፤ ወላጆቻቸው በሚናገሩት ቋንቋ ግን እኔ እስከማውቀው ተመሳሳዩን የሚሰጣቸው የለም።

እዚህ ላይ ለሕፃኑ እንቅፋት የነበረው የፊደል ዝምታ ለወጣቱ ስጦታ ይሆንለታል። «ገና» ጠብቆም ላልቶም በአንድ አጻጻፍ ስለሚቆም፣ አንድ ቃል ሁለት ልብ ይይዛል፤ ሰምና ወርቅ የሚቆፈረው ከዚህ ጉድጓድ ነው። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ሰምን፣ ወርቅንና ሕብረ ቃልን ለፈተና ተርጉመን አለፍን እንጂ፣ አንድ ቀን እንኳ «እስቲ እናንተ ግጠሙ» አልተባልንም። እንካ ስላንትያን የተጫወተ የ14 ዓመት ልጅ ሕብረ ቃል ለመፈለግ ግማሽ መንገድ ሄዷል። የቀረውን የሚያሳየው መምህርና መጽሐፍ ነው ያጣው።

ለልጆች የምትጽፉ ገጣሚዎችና የምታሳትሙ ሁሉ፣ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። የሚጠብቁ ፊደላትን የሚያመለክተው ከላይ የሚቀመጥ ሁለት ነጥብ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ አለ፤ ቢያንስ ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል በሚታተም ግጥም ላይ ልጁ ሊሳሳትባቸው በሚችሉት ቃላት ተጠቀሙበት። ደግሞም ረቂቁን ወደ ማተሚያ ቤት ከመላካችሁ በፊት ለአንድ የ2ኛ ክፍል ልጅ ስጡትና ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ስሙ። የተሰናከለባቸውን መስመሮች እንደገና ግጠሟቸው።