እቴጌ ጣይቱና የፊንፊኔ ፍል ውሃ

ከደሴ ተነሥታችሁ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስትወርዱ ብርዱ እየቀረ ይሄዳል፤ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ሹራባችሁን ታወልቃላችሁ። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ገፋ ካላችሁ ሐርቡ አለች፤ በዚያ አካባቢ ከመሬት የሚወጣ ፍል ውሃ አለ። ታሪኩ በሰፊው የተጻፈለት ግን የአዲስ አበባው ፍል ውሃ ነውና ዛሬ የምንጨዋወተው ስለ እርሱ ነው።

አስቀድሞ ስለ ውሃው ጥቂት እንበል። በደጋው የሚዘንበው ዝናብ በዓለት ስንጥቅ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ በጥልቁ የምድር ሙቀት ያገኘዋል፤ ጨውና ማዕድን አሟሙቶ በሌላ ስንጥቅ ተመልሶ ይወጣል። ስምጥ ሸለቆ ምድራችንን ስለ ሰነጣጠቀው እንዲህ ያለ ውሃ በብዙ ቦታ አለን።

ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ መናገሻቸው እንጦጦ ላይ ነበር። እንጦጦ ለምሽግ ይመቻል፤ ለኑሮ ግን ጭንቅ ነው። ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፤ ነፋሱና ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ የሠራዊቱ ብዛትም የማገዶውን እንጨት ጨርሶት ነበር። ከተራራው ግርጌ ግን ሙቅ ውሃ ይፈልቃል። ስለዚህ ንጉሡና ባለሟሎቻቸው እየወረዱ በድንኳን ይሰፍሩ፣ ይታጠቡ፣ ይመለሱ ነበር። ቁርጥማት ያለበት ሰው ይህን ደስታ ያውቀዋል!

በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ወደ ሐረር ዘምተው ሳለ ባለቤታቸው ጣይቱ ብጡል በፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ስፍራውንም አዲስ አበባ አሉት። (እቴጌ የተባሉት ኋላ፣ በ1882 ዓ.ም. ነው።) መኳንንቱም ተከትለው ወረዱ። የአገራችን ዋና ከተማ የተቆረቆረው በአንድ መታጠቢያ ምክንያት ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ይህን ሁላችሁም በትምህርት ቤት ሰምታችሁት ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ግን ከድንኳኖቹ በፊት የነበረው ነው። ስፍራው ባዶ አልነበረም። የአካባቢው ኦሮሞዎች ፊንፊኔ ይሉታል፤ ከብቶቻቸውንም ወደ ማዕድናማው ውሃ፣ ወደ ሆራው፣ እየነዱ ያጠጡ ነበር። ከተማው ሲስፋፋ መሬቱ ለመኳንንትና ለጦር አለቆች ተመራ፤ የቀድሞዎቹ ነዋሪዎችም ቀስ በቀስ ከስፍራቸው ተገፉ። የእቴጌይቱን ብልኅነት ሳደንቅ ይህን ብዘል ታሪኩን ግማሽ አድርጌ መንገሬ ነው። ዘፍጥረት 36፥24ን ተመልከቱ፤ በአዲሱ መደበኛ ትርጉም ዓና የአባቱን አህዮች ሲጠብቅ በምድረ በዳ ፍል ውሃ አገኘ ይላል። በብዙ አገር ይህን ውሃ ቀድሞ የሚያገኘው እረኛ ነው፤ ስሙ ተጽፎ የሚቀርለት ግን ጥቂቱ ብቻ ነው።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ፍል ውሃ የመዝናኛ ስፍራም ሆነ። አምቦ ሀገረ ሕይወት፣ ወሊሶም ግዮን ተብለው ነበር፤ ሁለቱም በውሃቸው የታወቁ ናቸው። በአዋሽ ዳር ሶደሬ፣ በደቡብ ወንዶ ገነት እንግዳ ይቀበሉ ጀመር። በአዲስ አበባም ከቤተ መንግሥቱ ብዙም ሳይርቅ ማንም ሰው ከፍሎ የሚታጠብበት ፍልውሃ አለ፤ የሒልተን ሆቴል መዋኛም ውሃው ከዚያው ከምድር የሚወጣ ሙቅ ውሃ ነው።

እንግዲህ ሐርቡ ዘመድ ያላችሁ ወጣቶች፣ በዚህ ክረምት አንድ ሥራ አለላችሁ። ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ወደ አባቶችና እናቶች ሂዱ። ውሃውን በልጅነታቸው ምን ብለው ይጠሩት እንደ ነበር፣ ማን ይታጠብበት፣ ማን ከብቱን ያጠጣበት እንደ ነበር ጠይቁ። የነገሯችሁን በቃላቸው ጻፉት፤ የተናጋሪውን ዕድሜና የጠየቃችሁበትን ቀን መመዝገብም አትርሱ።