የመረጃ ቋት አደራ

የመረጃ ቋት አደራ ማለት፣ ነጋዴ በሰንጠረዥ የተሰናዳ መዝገቡን፣ ከነመጠባበቂያ ቅጂውና ከነእድሳቱ፣ በኪራይ ለሚጠብቅ የክላውድ ድርጅት የሚያስረክብበት ሥርዓት ነው። መዝገብን በአደራ ማስጠበቅ በወሎ ላሉት ለሐይቅና ለአምባሰል እንግዳ አይደለም፤ በ13ኛው ምእት ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሰጡት ወንጌል፣ ከቅዱስ ቃሉ ጋር የገዳሙን መጻሕፍት ዝርዝር ይዞ ሲጠበቅ ኖሮ፣ በኋላ በማይክሮፊልም ተቀድቶ ቅጂው እስከ ሚኒሶታ ደርሷልና። የክላውድ ድርጅት የሚመርጥ ነጋዴ ከዋጋ አስቀድሞ የመዝገቡን ማደሪያ ይመርምር፤ አማዞን በ2020 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ የከፈተው ማእከል ኬፕ ታውን ውስጥ ስለሆነ፣ ከሐይቅ ወደዚያ የሚላክ ጥያቄ በሺህ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን ይመላለሳል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የሰው መረጃ ከአገር ሲወጣ ግዴታ ይጥላል። እንደ ፖስትግሬስኪውኤል ያለ ክፍት የመረጃ ቋት ሞተር ከአንዱ ጠባቂ ወደ ሌላው መሸጋገርን ያቀልላል፤ ለአንዲት ሱቅ መዝገብ ግን ይህ ሁሉ አገልግሎት ትርፍ ወጪ ነው።