በጉና ሥር፤ እምነትና ቤተ መንግሥት በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ

ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ ጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ የተዘረጋው ደጋ፣ ዛሬ ደቡብ ጎንደር የሚባለው የቀድሞው በጌምድር፣ ባለፉት አራት መቶ ዓመታት እምነትና መንግሥት ደጋግመው የተጋጩበት ምድር ነው። ግጭቱ ግን ሃይማኖት የለሽ ገዢ ከአማኝ ሕዝብ ጋር የተጣላበት ብቻ አልነበረም። ከደርግ በፊት የነበሩት ገዢዎች ሁሉ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያላቸው ነበሩ፤ ጠቡ የመጣው ሃይማኖቱንም እንደ ግብሩ በእጃቸው ማድረግ በመፈለጋቸው ነው።

የታሪኩ መነሻ አፄ ሱስንዮስ ናቸው። ንጉሡ በ1614 ዓ.ም. ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጡ፤ በ1618 ዓ.ም. ደግሞ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ባሉበት አገሪቱን ለሮም አስገዙ። ከዚያ በፊት በ1609 ዓ.ም. በንጉሡ ላይ በተነሣው ዓመፅ ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ተገድለው ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል ወለተ ጴጥሮስ ትነሣለች። የንጉሡ ባለሟል የመልክዐ ክርስቶስ ሚስት ነበረች፤ ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱንም በሕፃንነታቸው ቀብራለች። ባሏ ከጳጳሱ ደም እጁ ንጹሕ እንዳልሆነ ስታውቅ ቤቱንና ሹመቱን ትታ መነነች። በቤተ መንግሥት ሸንጎ ፊት ቆማ የአባቶቿን ሃይማኖት አልለውጥም አለች፤ በምዕራቡ ቆላ በዠበይ ሦስት ዓመት ታሰረች። ከእስር ስትፈታ ተከታዮቿ እየበዙ ሄዱ፤ ከቦታ ቦታ የሚሰደድ ማኅበርም ሆኑ። ከጎኗ ያልተለየችው እኅተ ክርስቶስ ነበረች። ብዙ የታሪክ መጻሕፍት ድሉን ለላስታ ዓመፀኞችና ለንጉሡ ልጅ ለፋሲለደስ ይሰጣሉ፤ እኔ ግን ያለ እነዚህ ሴቶች ትዕግሥት የቀድሞውን ሃይማኖት የመለሰው የ1624ቱ አዋጅ የሚያጸናው ሕዝብ ባላገኘም ነበር እላለሁ። ወለተ ጴጥሮስ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. አረፈች። ከ30 ዓመት ግድም በኋላ መነኩሴው ገላውዴዎስ ገድሏን ጻፈ፤ በስሟ የተመሠረተው የቆራጣ ገዳምም እስከ ዛሬ በጣና ዳር አለ። ሃይማኖቷ ሲመለስ ግን ስደቱ ባለቤት ለወጠ እንጂ አልቀረም። አሁን የተባረሩትና የተገደሉት ካቶሊኮቹ ነበሩ።

የጎንደር ዘመን ቅባትና ጸጋ በተባሉት ትምህርቶች የሃይማኖት ክርክር አልፎ ለዘመነ መሳፍንት ቦታውን ለቀቀ። ደብረ ታቦርን የቆረቆሩት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው፤ ከተማዋም የእንደራሴዎቹ መናገሻ ሆነች። በየካቲት 1834 ዓ.ም. የሰሜኑ ገዢ ደጃዝማች ውቤ ከእንደራሴው ከራስ አሊ ጋር በደጇ ሲዋጉ፣ አዲሱ ጳጳስ አቡነ ሰላማ ከውቤ ጎን ቆመው ነበር። የጳጳሱ ቃል ከጦር እኩል እንደሚያስፈራ ያን ጊዜ ሁሉም አየ።

ይህን ጠንቅቀው የተረዱት ደጃዝማች ካሣ ነበሩ፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በእኚሁ ጳጳስ እጅ ተቀብተው አፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ሽርክናው አልሰነበተም። ንጉሡ ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል ብለው የቀረውን መሬት ለወታደር ለመስጠት ሲነሡ፣ ካህናቱ ልባቸውን አራቁ። አቡነ ሰላማ መቅደላ ታሰሩ፤ እዚያው በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ሞቱ። ለስብከት የመጡት የአውሮፓ ሚሲዮናውያንም ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ መድፍ ሠሩ፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የወጣው ከዚያ ነው። ንጉሡ በ1859 የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ዘርፈው አቃጠሉ፤ በዓመቱ ወደ መቅደላ ሲነሡ በደብረ ታቦርም ላይ እሳት ለቀቁባት። አንድነትን የወደዱ ንጉሥ መሆናቸውን አልክድም፤ የተቃጠለው ደብር ግን የድሃው ገበሬ የአባቶቹ መቃብር ነበር።

አፄ ዮሐንስ ፬ኛ ያንኑ አንድነት በጉባኤ ፈለጉት። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ጸጋ የሚባለው የሦስት ልደት ትምህርት ተወገዘ፤ የወሎ ሙስሊሞችም ተጠመቁ ተባሉ፤ እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉት ለእምነታቸው አመፁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የካቶሊኩ ጳጳስ ማሳያ ወደ ደብረ ታቦር ተጠርተው ከአገር እንዲወጡ ተነገራቸው።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን አዲስ መሣሪያ ይዞ መጣ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የበጌምድሩ ገዢ ራስ ጉግሣ ወሌ በመንግሥት ላይ አምፀው አንቺም ላይ ሲወድቁ፣ አውሮፕላን ከቦምቡ ጋር የጳጳሳቱን ግዝት የያዘ ወረቀት በሠራዊታቸው ላይ በትኖ ነበር። ግዝት ከሰማይ ወረደ፤ የላከው ግን መንግሥት ነበር።

እስከዚህ ድረስ ገዢው የቤተ ክርስቲያን ጠባቂ ነኝ ይል ነበር። ደርግ ይህን አፈረሰ። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የደብሩን መሬት ወሰደ፤ ጭሰኛውን ነፃ ያወጣ እርምጃ ስለሆነ በአንድ ወገን ብቻ አይመዘንም። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በቦታቸው የተመረጡት የበጌምድሩ ተወላጅ ባሕታዊ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በመንበሩም ላይ በባዶ እግራቸው፣ በጾምና በጸሎት ኖሩ። እርሳቸውን የተኩት አቡነ መርቆሬዎስም የዚሁ አገር ሰው ናቸው፤ መንግሥት ሲለወጥ ከመንበራቸው ወርደው ተሰደዱ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም በአገር ውስጥና በውጭ ሲኖዶስ ተከፈለች። ሐምሌ 25 ቀን 2010 ዓ.ም. ከአሜሪካ ሲመለሱ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ የቆየው መለያየት አበቃ።

ይህን ሁሉ ዘመን የሚያያይዘው ክር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚሰጥበት ጉባኤ ቤት ነው። የዜማው መጽሐፍ የድጓ ምስክር ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አባ ሁለቱም ጋይንት ናቸው፤ ተክሌ አቋቋም የፎገራው ተወላጅ አለቃ ገብረ ሐና የጀመሩት፣ ደብረ ታቦር ያጸናችው የማኅሌት ሥርዓት ነው። መሬቱ ሲወሰድ መምህሩ ድርጎውን አጣ፤ የቆሎ ተማሪው ግን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከገበሬው ደጅ ቁራሹን መለመን አላቋረጠም። ነገሥታቱ ጉልት ሰጡ፣ ነጠቁም፤ ትምህርቱን በረሃብ ዘመን ያቆየው ግን ራሱ የሚበላው ያልተረፈው ባላገር ነው።

ዛሬ ፈተናው ወደዚያው ባላገር ዞሯል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ንፋስ መውጫን ይዘው በቆዩባቸው ቀናት በሴቶች ላይ የደረሰውን ጥቃት አምነስቲ ኢንተርናሽናል መዝግቦታል፤ ደብረ ታቦርም በከባድ መሣሪያ ተደበደበች። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በመንግሥት ጦርና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ያለው ውጊያ የአማራ ክልልን ሁሉ አዳርሷል። ድጓ ያጠና ሰው ለማስመስከር ቤተልሔም ድረስ መውጣት አለበት፤ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ተማሪው ባለበት ይቀራል፣ ቁራሽ የሚሰጠው ገበሬም ለዘር የሚሆን እህሉን ይዞ ጫካ ያድራል።