ከጀበል ኩጁር ግርጌ፦ ጣሪያ፣ ነፋስና የጥገና ፈቃድ

ከጁባ በስተ ምዕራብ ከፍ ብሎ የሚታየው ጀበል ኩጁር ስሙን ያገኘው በሱዳን ዓረብኛ «ኩጁር» ከሚባለው፣ ከመናፍስት ጋር ይነጋገራል ተብሎ ከሚታመነው አዋቂ ነው። የአካባቢው ነባር ሕዝብ ባሪዎችም ዝናምን የሚለምኑ አለቆች ነበሯቸው። እ.ኤ.አ. ከ2005 የሰላም ስምምነት በኋላ ግን ተራራው የታወቀው በድንጋዩ ነው። ሴቶችና ልጆች በመዶሻ እየፈለጡ የሸጡት ጠጠር በከተማይቱ ብዙ መሠረት ውስጥ ገብቷል። መሠረቱ ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ሲሆን አውሎ ነፋስ አስቀድሞ የሚፈትነው ጣሪያውን ነው።

በእንግሊዞች አገዛዝ ዘመን የሱዳን ከተሞች የመኖሪያ ቦታ በደረጃ ተከፍሎ ነበር። አንደኛ ደረጃ ቦታ የተሰጠው ሰው በጽኑ ዕቃ እንዲገነባ ይገደድ ነበር፤ ዝቅተኛው ደረጃ ለጭቃና ለሣር ቤት ተተወ። ይህ አከፋፈል በጁባ ከነጻነት በኋላም ቀጥሏል። ደንቡ የቤቱን ዕቃ ይመዝናል እንጂ ጣሪያው ከግድግዳው ጋር እንዴት እንደተያያዘ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2009 በከተማይቱ ያለ ፈቃድ የተሠሩ ቤቶች በብዛት ስለፈረሱ፣ ነዋሪው ተቆጣጣሪን ከአፍራሽ ለይቶ ለማየት ቢቸገር አያስደንቅም።

ጣሪያ ለምን እንደሚነቀል በግልጽ ያስተማረው በሩቅ አገር የደረሰ ጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1974፣ በፈረንጆች ገና ሌሊት፣ «ትሬሲ» የተባለው አውሎ ነፋስ የአውስትራሊያን ከተማ ዳርዊንን መታ። ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሕንፃዎቿም 70 ከመቶ ያህሉ ወደሙ። መሐንዲሶች ፍርስራሹን ሲመረምሩ ነፋሱ ቆርቆሮውን ደጋግሞ ወደ ላይ ሲስበው በምስማሩ ዙሪያ እየተሰነጠቀ እንደተላቀቀ ተረዱ። የተነቀለው ቆርቆሮ ደግሞ የጎረቤትን መስኮት ሰበረ፤ በተሰበረው መስኮት የገባው ነፋስ ያንንም ጣሪያ ከውስጥ ገፍቶ አነሣው። ከዚያ ወዲያ መኖሪያ ቤት ሁሉ በመሐንዲስ ስሌት እንዲሠራ፣ ጣሪያውም እስከ መሠረቱ በብረት እንዲታሰር ተደነገገ።

ኢትዮጵያም በ2001 ዓ.ም. ባወጣችው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በከፍታቸው፣ በስፋታቸውና በአገልግሎታቸው በሦስት ምድብ ከፍላለች፤ ለአዲስ ግንባታ ብቻ ሳይሆን ነባሩን ለማሻሻልም ፈቃድ ያስፈልጋል ብላለች።

የጥገና ፈቃድ ትርጉሙ እዚህ ላይ ነው። ከአውሎ ነፋስ በኋላ ሰው ሁሉ ይቸኩላል፤ ያንኑ ቆርቆሮ አቃንቶ፣ በዚያው ሞራሌ ላይ፣ በአሮጌው ቀዳዳ መልሶ ይመታዋል። ስሕተቱም አብሮ ይታደሳል። ተቆጣጣሪው ከማኅተሙ በፊት ምስማሩን፣ ሞራሌውንና ማሰሪያውን ካየ፣ ፈቃዱም ለድሀው ቤት በሚቻል ዋጋና በአጭር ቀን ከተሰጠ፣ ሕዝቡ ይጠራዋል እንጂ አይሸሸውም። «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለው ብሂል በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ላለ ሰው አይሆንም፤ ከአንዱ ራስ በላይ ያለውን ነፋሱ ወስዶ በጎረቤቱ ላይ ይጥለዋልና።