ለዳገታማ ግማሽ ማራቶን እንዴት እንዘጋጅ?

ግማሽ ማራቶን 21 ኪሎ ሜትር ከ97.5 ሜትር ነው፡፡ በ1994 ዓ.ም. የተጀመረውን የ10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የለመደ ሰው እጥፉ ብቻ ይመስለው ይሆናል፡፡ መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት ሲበዛበት ግን ፈተናው ሌላ ነው፡፡

እኔ ሃምሳን የተሻገርኩ፣ ሕግ ያጠናሁ፣ ለጤናዬ የምሮጥ ሰው ነኝ፡፡ በእኔ ዕድሜ ዝግጅት የሚጀምረው ከሐኪም ምርመራ ነው፡፡ ከዚያ ለሦስት ወራት በሳምንት አራት ቀን እሮጣለሁ፤ ሁለቱ ቀላል ሩጫ፣ አንዱ የዳገት ልምምድ፣ አንዱ ረጅም ሩጫ ነው፡፡ ረጅሙን ከ8 ኪሎ ሜትር ጀምሬ ቀስ በቀስ 18 አደርሰዋለሁ፡፡

ዳገት ላይ ሰዓት አላይም፤ መለኪያዬ ትንፋሼ ነው፡፡ አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተኝ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ፣ ካስፈለገም እራመዳለሁ፡፡ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው እንጦጦ አየሩ ስስ ስለሆነ ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል፡፡

ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ቁልቁለቱን ነው፡፡ ስንወርድ የፊት ጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደታችንን ይሸከማል፤ ሕመሙም የሚብሰው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ነው፡፡ መፍትሔው ከውድድሩ ሳምንታት አስቀድሞ በጥቂት በጥቂቱ ቁልቁል መሮጥ ነው፤ ጡንቻው ከለመደ ጉዳቱ ይቀንሳል፡፡ ሲወርዱም እግርን ከፊት ወርውሮ በተረከዝ ከማረፍ አጫጭር እርምጃ ይሻላል፡፡

በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ልምምዱን መቀነስ ይገባል፡፡ በውድድሩ ዕለት ደረትዎን ካመመዎ ወይም ካዞረዎ ወዲያውኑ ያቁሙ፤ ሜዳሊያው ለሌላ ዓመት ይደርሳል፡፡