ጄቢኤል የሚባለው ሰውዬ

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ጄቢኤል የቻይና ነው የአሜሪካ?» ብሎ ጠየቀኝ። ለካ መርካቶ ሊገዛ ሄዶ እያንዳንዱ ሱቅ የተለያየ ዋጋ ሲጠራበት ግራ ገብቶታል። ኦርጅናሉን ከፎርጅዱ መለየት የእኔ ሙያ አይደለም። ግን ስሙ የሰው ስም ነው ስለው አላመነኝም። እስቲ ዛሬ የሰውየውን ታሪክ ልጻፍላችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጄቢኤል ማለት ጄምስ ቢ. ላንሲንግ ነው። ሲወለድ ግን ስሙ ጄምስ ማርቲኒ ነበር፤ በ1902 በአሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ፣ ብዙ ልጆች ካሉበት ቤት። ላንሲንግ የተባለው ካደገ በኋላ ስሙን ለውጦ ነው። የምህንድስና ዲግሪ የለውም፣ እጁ ግን ዲግሪ ካለው ይበልጥ ነበር።

በ1927 ሎስ አንጀለስ ላይ ኬን ዴከር ከሚባል ሰው ጋር ሆኖ የስፒከር ፋብሪካ ከፈተ። ላንሲንግ ይሠራል፣ ዴከር ይሸጣል፣ ሒሳቡንም ይይዛል። ጊዜውም ረዳቸው፤ ያን ዓመት ነው ፊልም አፍ አውጥቶ መናገር የጀመረው። እስከዚያ ድረስ ድምፅ አልባ የነበረ ሲኒማ ቤት ሁሉ ስፒከር ፈላጊ ሆነ ማለት ነው። ቆይቶም ኤምጂኤም የተባለው የፊልም ኩባንያ ለሲኒማ ቤቶች አዲስ የድምፅ መሣሪያ ሲያሠራ ላንሲንግ ከሠሪዎቹ አንዱ ነበር፤ ያ ሥራ የኦስካር አካዳሚ የቴክኒክ ሽልማት አግኝቷል።

በ1939 ዴከር በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ። ፋብሪካው ውስጥ አንድም መሣሪያ አልተበላሸም፣ ላንሲንግም ያው ላንሲንግ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ግን ኩባንያው ተዳክሞ በ1941 አልቴክ ለሚባል ድርጅት ተሸጠ። ላንሲንግም ትናንት የራሱ በነበረው ቤት ተቀጣሪ ሆነ።

አምስት ዓመት ከሠራ በኋላ በ1946 ወጥቶ እንደገና የራሱን ከፈተ። ዲ130 የሚባለውን ስፒከር የሠራው ያኔ ነው። የኤሌክትሪክ ነገር የምትወዱ ልጆች ይገባችኋል፦ ከስፒከሩ ወረቀት ጀርባ የሽቦ ጥቅል፣ ኮይል የምንለው አለ። ላንሲንግ ኮይሉን ስፋቱ 4 ኢንች አደረገው፣ ለዚያ ዘመን ትልቅ ነው። ሽቦውንም ክብ ሳይሆን ጠፍጣፋ አድርጎ በጠርዙ አቁሞ ጠቀለለው። እንዲህ ሲሆን በዚያችው ቦታ ብዙ ሽቦ ይገባል፣ በትንሽ ኃይል ትልቅ ድምፅ ይወጣል።

ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ገንዘቡ አልሆነለትም። ዕዳ በዕዳ ላይ ተደራረበ፤ ማርኳርት የሚባል የአውሮፕላን ሞተር ድርጅት ገብቶ ደግፎት እንኳ አልተቃናም። በመስከረም 1949 ላንሲንግ በ47 ዓመቱ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። የሕይወት ኢንሹራንስ ነበረው፣ 10,000 ዶላር። ተከፋዩ ደግሞ ኩባንያው ነበር። ይህን መጀመሪያ ሳነብ መጽሐፉን አጠፍኩት።

ቀጥሎ የመጣው ቢል ቶማስ ነው፤ የማርኳርት የገንዘብ ኃላፊ የነበረ ሰው። የሒሳብ ሰው እንጂ ስፒከር ፈልሳፊ አይደለም። ድርጅቱን ጠቅልሎ ያዘ፣ የላንሲንግንም ሥራ አልበረዘም። ያው ዲ130 ነው የተሸጠው! ቶማስ የቀየረው የሚገዛውን ሰው ነው። ፌንደር ለጊታር ማጉያው ወሰደው፣ የሙዚቃ ስቱዲዮዎች ወሰዱት። አልቴክ «ላንሲንግ የሚለው ስም የእኔ ነው» ብሎ ሲጨቃጨቅ ደግሞ ስሙን አሳጥረው ጄቢኤል አሉት። ዛሬ ልጆች ጀርባቸው ላይ አንጠልጥለው የሚዞሩት ሦስት ፊደል የመጣው ከስም ጭቅጭቅ ነው እንግዲህ።

በ1969 ቶማስ ለሲድኒ ሃርማን ድርጅት ሸጠው። በቀጣዩ ዓመት ለስቱዲዮ የተሠራውን ስፒከር ለሳሎን አሳምረው ኤል100 ብለው አወጡት፣ ገበያውም ጎረፈ። በ2017 ሳምሰንግ ሃርማንን በጠቅላላ በ8 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ስለዚህ ለጥያቄህ መልሱ፣ ያሬው ልጅ፣ የአሜሪካ ነው፣ ባለቤቱ ግን ኮሪያ ነው።

በነገራችን ላይ እኛ ሞንታርቦ የምንለውም የጣሊያን ኩባንያ ስም ነው። ማንኛውንም የሠርግ ስፒከር ሞንታርቦ እንላለን፣ ከሌላ ፋብሪካ የመጣም ቢሆን። ስም መታወቅ ብቻውን እንጀራ አይሆንም መሰለኝ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለምን መሰላችሁ፣ ታላቅ ወንድሜ ሞንታርቦ ሠሪ ነበር። ሳጥኑን ራሱ ይቆርጣል፣ የተቃጠለ ኮይል ፈትቶ ይጠቀልላል፣ ለሠርግ ያከራያል። የሚያከራየው ግን በዱቤ ነው፣ የሚጽፈው በሲጋራ ካርቶን ላይ ነው። «ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣህ ሒሳቡን ያዝልኝ» ሲለኝ «እኔ መምህር ነኝ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም» አልኩት። አዲስ ዲፕሎማ ነበረኛ! በሦስተኛው ዓመት ሱቁ ተዘጋ፣ ዕቃው ለዕዳ ሄደ። ከዚያ በኋላ አንድ ሠርግ ላይ እሱ የሠራቸው ሳጥኖች በሌላ ሰው ስም ሲጮኹ ሰማሁ፣ ምግቡ አልወርድ አለኝ።

እሑድ ዕለት የላንሲንግን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ዝም ብሎ አዳመጠኝና «ሽቦውን በጠርዙ አቁሞ እንዴት ነው የጠቀለለው? አይተጣጠፍበትም?» አለኝ። ስለዚያ ሽቦ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራን። የካርቶኑን ነገር ሁለታችንም አላነሳነውም።