«ጋዙ አልቋል» ማለት ምን ማለት ነው?

የአሮጌ መኪና ኤሲ ሙቅ አየር መትፋት ሲጀምር የሁላችንም መልስ አንድ ነው፦ «ጋዙ አልቋል፣ ይሞላ!» እንደ ቤንዚን መሆኑ ነው እንግዲህ። የኤሲ ጋዝ ግን አይቃጠልም። በተዘጋ መስመር ውስጥ አንዴ ፈሳሽ አንዴ ጋዝ እየሆነ ሲዞር ይኖራል። አነሰ ማለት የሚያሾልክ ቦታ አለ ማለት ነው። (መጋጠሚያው ላይ ዘይት የጠጣ አቧራ ካያችሁ፣ ሌባው እዚያ ነው።) ሳይደፍኑ መሙላት በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው።

ለመሆኑ የሚሞላውስ የትኛው ጋዝ ነው? ይሄን ለመመለስ ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ኤሲ ያለው መኪና መጀመሪያ ለገበያ ያቀረበው የአሜሪካው ፓካርድ ነው፣ ለ1940 ሞዴሎቹ። ዋጋው 274 ዶላር ነበር። ማቀዝቀዣው የኋላውን የዕቃ ቦታ ግማሽ ይይዛል። ማጥፊያስ? የለውም! ብርዱ ከበረታ ሾፌሩ ሞተር አጥፍቶ፣ ኮፈን ከፍቶ፣ የኮምፕረሰሩን ቺንጋ ይፈታል። ቅንጦት እንዲህ ናት እንግዲህ። ፓካርድም ብዙ ሳይገፋበት ተወው።

መስመሩ ውስጥ የሚዞረው አር-12 ነበር፣ ፍሪዎን የምንለው። ከፈጣሪዎቹ ዋናው ቶማስ ሚጅሊ ይባላል። ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ያስጨመረው እሱው ነው! በ1930 ሳይንቲስቶች ፊት ጋዙን በአፉ ስቦ ሻማ ላይ እፍ አለና አጠፋው። አይመርዝም፣ አይነድም ለማለት ነው። እውነቱን ነበር፤ ጉዳቱ የታየው ሰማይ ላይ ነው። በ1974 ሞሊና እና ሮውላንድ የተባሉ ተመራማሪዎች ጋዙ ከፍ ብሎ ሲበተን ክሎሪኑ ኦዞንን እንደሚበላ ጻፉ። በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ አዳዲስ መኪኖች ወደ አር-134ኤ ዞሩ። አር-12ን ማምረት በበለጸጉት አገሮች በ1995 መጨረሻ፣ በታዳጊዎቹ በ2010 ቆመ።

እንግዲህ መኪናችሁ ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ፣ ኤሲው የተሠራው ለሞተው ጋዝ ነው። አዲሱን ዝም ብሎ መጫን ኮምፕረሰር መግደል ነው። የድሮው የማዕድን ዘይት ከአር-134ኤ ጋር አይዋሃድም፤ ስለዚህ ከጋዙ ጋር ዞሮ አይመለስም። ኮምፕረሰሩ ደርቆ ይነክሳል። ከዚያ «ዕቃው አርጅቶ ነው» ይባላችኋል።

የሚያዋጣው ዘይቱን፣ ማድረቂያውንና ጎሚኒዎቹን ቀይሮ፣ በመስመሩ ውስጥ ያለውን አየርና እርጥበት በፓምፕ ስቦ አውጥቶ መሙላት ነው። ያውም ከድሮው መጠን ከ10 እስከ 20 በመቶ ቀንሶ። የትኛው እንደሆነ ለመለየት መሙያ አፉን እዩት፦ የአር-12 በጥርስ የሚጠበቅ ነው፣ የአር-134ኤ ተጭኖ ቀጭ የሚል።

አር-134ኤም ተራው ደርሶበታል። ኦዞንን ባይነካም ምድርን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሺህ እጥፍ በላይ ያሞቃልና በ2016 በኪጋሊ ስምምነት ከሚቀነሱት ጋዞች መሀል ገባ። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ቦታውን አር-1234ዋይኤፍ ይዟል። የእሱ መሙያ አፍ ደግሞ ሌላ ነው።